ዴቪድ ኸል እና የዝርያ ጥያቄ

የሥነ ሕይወት ፍልስፍና የሚባለው የጥናት ዘርፍ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች በቀጥታ የሚመረምር ሳይሆን፣ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች በየዕለቱ የሚጠቀሙባቸውን ጽንሰ ሐሳቦች አንሥቶ ምን ማለት እንደሆኑ፣ በምን ላይ እንደቆሙና እርስ በርሳቸው ይስማሙ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ዝርያ ምንድን ነው? ተፈጥሯዊ ምርጫ የሚመርጠው ጂንን ነው፣ አንዱን እንስሳ ነው ወይስ መንጋውን? የዘር ውርስ ሕግጋት በሞለኪዩሎች ኬሚስትሪ ብቻ ሙሉ በሙሉ ሊገለጹ ይችላሉ? እነዚህን የመሰሉ ጥያቄዎች በቤተ ሙከራ ብቻ መልስ አያገኙም፤ ከሳይንሱ ርቆ በማሰብ ብቻም አይፈቱም። ሁለቱንም ሙያ የሚያውቅ ሰው ይሻሉ፤ በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ይህን ጥምር ሙያ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ካደረጉት ጥቂት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዴቪድ ኸል ናቸው።

ኸል የተወለዱት እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1935 በኢሊኖይ ግዛት በርንሳይድ በተባለች አነስተኛ መንደር ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ለከፍተኛ ትምህርት ያመሩት የሳይንስን ታሪክና የሳይንስን ፍልስፍና አንድ ላይ የሚያስተምር አዲስ ክፍል ወደከፈተው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ነበር። ክፍሉ ገና በመደራጀት ላይ ስለነበረ፣ በ1964 ዶክትሬታቸውን ሲቀበሉ ከዚያ ክፍል በዚህ ማዕረግ የተመረቁ የመጀመሪያው ተማሪ ሆኑ። ከዚያም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በሚልዋኪ ለሃያ ዓመት ያህል ካስተማሩ በኋላ ቺካጎ አጠገብ ወደሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው፣ በ2000 ጡረታ እስከወጡ ድረስ በዚያው ሠሩ። የኑሯቸው ውጫዊ ታሪክ ከዚህ ብዙም አያልፍም፤ የመምህርና የጸሐፊ ታሪክ ነው። ትኩረት የሚገባው ከአንድ የእንስሳት ምደባ ጥያቄ ተነሥተው፣ ስለ ሰው ልጅ ተፈጥሮና ስለ ሳይንስ ምንነት እስከሚነሡት ታላላቅ ጥያቄዎች ድረስ አንዱን ሐሳብ ሳይለቁ የተጓዙበት መንገድ ነው።

ኸል ሥራ በጀመሩበት ዘመን የሳይንስ ፍልስፍና ማለት በአብዛኛው የፊዚክስ ፍልስፍና ማለት ነበር። ብዙዎቹ የዘመኑ ፈላስፎች ፊዚክስን የሳይንስ ሁሉ መለኪያ አድርገው ስለሚወስዱ፣ አንድ የዕውቀት ዘርፍ ሳይንስ ለመባል በየትኛውም ቦታና በየትኛውም ዘመን የሚሠሩ ሕግጋትና ከእነዚህም ሕግጋት በአመክንዮ የሚፈልቁ ድምዳሜዎች ሊኖሩት ይገባል ይሉ ነበር። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ውድጀር በ1937 ባሳተሙት መጽሐፍ ሥነ ሕይወትን እንደ ጂኦሜትሪ ከመነሻ ሐቆች አንሥተው በሒሳባዊ ምልክቶች ለመገንባት የሞከሩት ከዚህ እምነት በመነሣት ነው። በአውስትራሊያ ያስተምሩ የነበሩት ፈላስፋ ጄ. ጄ. ሲ. ስማርት ደግሞ በ1963 ሥነ ሕይወት የራሱ የሆነ ሕግ ስለሌለው ከፊዚክስ ይልቅ ለራዲዮ ምህንድስና የሚቀርብ ሙያ ነው ሲሉ ደመደሙ። ምክንያታቸው ቀላል ይምሰል እንጂ ጠንካራ ነበር፤ ስለ ነጫጭ አይጦች አወላለድ የሚነገር አጠቃላይ አባባል፣ አይጥ የሚለው ስም ራሱ በዚህች ምድር ላይ ብቻ ከሚገኝ የእንስሳ ወገን ጋር የተቆራኘ ስለሆነ፣ በመላው ጠፈር የሚሠራ ሕግ ሊሆን አይችልም የሚል ነው። ኸል ይህን ምክንያት አልናቁትም፤ ቆየት ብለው ግን ስማርት ወዳላሰቡት አቅጣጫ ወሰዱት።

በ1969 ባወጡት ጽሑፍ የሥነ ሕይወት ፍልስፍና ምን መሆን እንደሌለበት ዘርዝረው አሳዩ። ትችታቸው ፈላስፎቹ ስለ ሥነ ሕይወት ሲጽፉ ሥነ ሕይወትን አያውቁም፣ ምሳሌዎቻቸውም ተመራማሪዎቹ ከተዉአቸው ዘመናት ያለፉ ናቸው፣ በሒሳባዊ ምልክት የተደረደሩት ቀመሮችም ለአንድም ተመራማሪ ችግር መፍትሔ አልሆኑም የሚል ነበር። እሳቸው ራሳቸው ይህን ስሕተት ላለመድገም የመረጡት መንገድ ከብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቻቸው የተለየ ነው፤ የእንስሳትና የዕፀዋት ምደባ ሊቃውንት በሚሰበሰቡባቸው ጉባኤዎች ተገኙ፣ ጽሑፎቻቸውን በእነዚያ ሊቃውንት መጽሔት አሳተሙ፣ ክርክራቸውንም በእነሱው ቋንቋ ተከራከሩ። ከጊዜ በኋላ የሥነ እንስሳ ምደባ ማኅበር ፕሬዚዳንቱ አድርጎ እኒህን ፈላስፋ መምረጡ፣ ሊቃውንቱ በእንግዳ ሳይሆን በባልደረባ ዓይን ያዩአቸው እንደነበር የሚያስረዳ ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ጽሑፋቸው በብሪታንያ የሳይንስ ፍልስፍና መጽሔት ላይ ከ1965 ጀምሮ በሁለት ክፍል የወጣ ሲሆን፣ የሚመረምረውም ኢሴንሺያሊዝም የሚባለው አስተሳሰብ በምደባ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ነው። ኢሴንሺያሊዝም ማለት እያንዳንዱ የነገር ዓይነት የማይለወጥ ጽኑ ባሕርይ አለው፣ ይህም ባሕርይ በአባላቱ ሁሉ ዘንድ የሚገኝና ከአባላቱ በስተቀር በማንም ዘንድ የማይገኝ ነው የሚል እምነት ነው። ሦስት ጎን የሌለው ሦስት ማዕዘን የለም፤ ሦስት ጎን ያለው ዝግ ቅርጽ ሁሉ ደግሞ ሦስት ማዕዘን ነው። ኸል እንደሚሉት፣ ከአርስቶትል ሥነ አመክንዮ የተወረሰው ይህ የአፈታት ስልት ለጂኦሜትሪ የሚመች ቢሆንም፣ በእንስሳትና በዕፀዋት ላይ ሲጫን ግን ሥነ ምደባን ለሁለት ሺህ ዓመት ባለበት እንዲቆም አደረገው። ምክንያቱም ሕያዋን ከአባል ወደ አባል ይለያያሉ፤ ቀንድ ሳያበቅል የቀረ በሬ በሬነቱን አያጣም፣ ነጭ ሆኖ የተወለደ ቁራም ከቁራነት አይወጣም። ከሁሉም በላይ፣ ዳርዊን በ1859 እንዳስረዳው ዝርያዎች በዝግመተ ለውጥ ከሌሎች ዝርያዎች የሚመነጩ ከሆኑ፣ አንዱ ዝርያ አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን መስመር ጽኑ ባሕርይን በመፈለግ ማግኘት አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ችግር ይነሣል። ዝርያዎች ጽኑ ባሕርይ ከሌላቸው፣ በእርግጥ በተፈጥሮ ውስጥ ያሉ ናቸው ወይስ ሰው ለአመቺነት ሲል የፈጠራቸው የመደርደሪያ ስሞች? አንዳንድ ሊቃውንት ሁለተኛውን መልስ መረጡ። ማይክል ጊስሊን የተባሉት የሥነ ሕይወት ሊቅ ግን በ1974 ሌላ መልስ አቀረቡ፤ ኸልም መልሱን ተቀብለው በ1976 እና በ1978 ባወጧቸው ጽሑፎች ፍልስፍናዊ መሠረቱን ገነቡለት። መልሱም አንድ ዝርያ የብዙ ተመሳሳይ ነገሮች መደብ ሳይሆን ራሱ አንድ ነገር ነው፣ በጊዜ የሚጀምርና በጊዜ የሚያልቅ፣ በቦታም የተወሰነ፣ ክፍሎቹ በመዋለድ ሰንሰለት የተያያዙ አንድ ግለ ህላዌ ነው የሚል ነው። በዚህ አመለካከት አንድ ዝንጀሮ የዝርያው ምሳሌ ወይም ናሙና ሳይሆን የዝርያው አካል ነው፤ አንድ ህዋስ የአንድ ሰውነት ክፍል የሚሆነውን ያህል እሱም የዝርያው ክፍል ነው።

ለብዙ አንባቢ ይህ አባባል መጀመሪያ ላይ እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥር ኅብረተሰብ የሐሳቡን ግማሽ አስቀድሞ ያውቀዋል። ሰው የአንድ ቤተሰብ ወገን የሚሆነው በመልኩ ወይም በጠባዩ ሳይሆን ከማን እንደተወለደ በሚታይበት የትውልድ ሐረግ ነው፤ አያቱን ጨርሶ ባይመስል ወገንነቱ አይቀርም፣ ባዕድ ሰው ቁርጥ አያቱን ቢመስልም ወገን አይሆንም። ኸል ስለ ዝርያ የሚሉትም ከዚህ አይለይም።

ሐሳቡ የሚያስከትላቸው ድምዳሜዎች ብዙ ናቸው። ወርቅ በየትኛውም ኮከብ ላይ ቢገኝ፣ በአቶሙ እምብርት 79 ፕሮቶኖች እስካሉት ድረስ ወርቅ ነው፤ በመላው ጠፈር ያለው ወርቅ ሁሉ ጠፍቶ ከሚሊዮን ዓመት በኋላ እንደገና ቢፈጠርም ያው ወርቅ ነው። በሞሪሸስ ደሴት ይኖር የነበረውና በ17ኛው መቶ ዘመን የጠፋው ዶዶ የተባለው ወፍ ግን እንዲህ አይደለም፤ በሌላ ፕላኔት ላይ በላባም በአጥንትም እሱን የመሰለ ፍጡር ቢነሣ፣ ከዶዶ የትውልድ ሐረግ እስካልተወለደ ድረስ ዶዶ አይሆንም። አንድ ጊዜ የጠፋ ዝርያ አይመለስም የሚለው አነጋገር እንግዲህ የአጋጣሚ ጉዳይ ሳይሆን ከዝርያ ምንነት የሚመነጭ ነው። የምደባ ሊቃውንት አዲስ ዝርያ ሲሰይሙ አንድ ናሙና መርጠው በሙዚየም የማስቀመጣቸው ልማድም በዚህ ይብራራል። ያ ናሙና የዝርያው ዓይነተኛ መልክ ያለው እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ ስሙ የትኛውን የትውልድ ሐረግ እንደሚጠራ የሚያመለክት መልሕቅ ብቻ ነው። ኸል ይህን የሙዚየም ልማድ ከፍልስፍና ክርክር ጋር ማገናኘታቸው፣ የሊቃውንቱን ሥራ ከቅርብ ሳያይ የሚጽፍ ሰው ሊደርስበት የማይችል ማስተዋል ነው።

የስማርት ክስም እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ስለ አይጥ ወይም ስለ ቁራ የሚነገር አጠቃላይ አባባል ሕግ አለመሆኑ እውነት ነው፤ ይሁንና ይህ የሥነ ሕይወት ድክመት አይደለም። ስለ ናፖሊዮን የተፈጥሮ ሕግ እንዲኖር የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ናፖሊዮን አንድ ግለሰብ ነውና። ቁራ የተባለው ዝርያም እንዲሁ አንድ ግለ ህላዌ ከሆነ፣ ሕግ ሊፈለግ የሚገባው ስለ ቁራ ሳይሆን ዝርያዎች በአጠቃላይ እንዴት እንደሚከፋፈሉ፣ አነስተኛና የተነጠለ መንጋ ምን እንደሚደርስበት፣ ምርጫ በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ነው። ስለዚህ ለስማርት የውድቀት ማስረጃ የነበረው ነገር ለኸል የአስተሳሰባቸው ማረጋገጫ ሆነ።

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ከጣና ሐይቅ ዓሦች ታሪክ ማየት ይቻላል። ዛሬ ላቤዮባርበስ በሚል የሳይንስ ስም የሚጠሩትን የሐይቁን ትልልቅ ዓሦች ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ19ኛው መቶ ዘመን በተለያዩ ዝርያዎች ከፋፍሎ ስም ሰጥቷቸው ነበር፤ በ1973 የወጣ የምደባ ጥናት ግን ልዩነታቸውን እንደ አንድ ዝርያ መልከ ብዙነት ቆጥሮ በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በራስ ቅርጽ፣ በአመጋገብና በመራቢያ ልማድ የሚለያዩ ከአሥር በላይ ዝርያዎች መሆናቸውን አመለከቱ። ዓሦቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ዝርያ የሚለካበት መስፈርት ነው። በመልክ መመሳሰል ብቻ ለሚመዝን ሰው መልሱ በመለኪያው ምርጫ ይወሰናል፤ በኸል መንገድ ለሚጠይቅ ግን ዋናው ጉዳይ እነዚህ ዓሦች ተለያይተው የሚራቡና የየራሳቸውን ታሪክ የጀመሩ የትውልድ ሐረጎች ናቸው ወይ የሚለው ነው። አንድ ዝርያ ናቸው ከተባለ አንዱ መልክ ቢመናመን ዝርያው እንደቆየ ይቆጠራል፤ ብዙ ናቸው ከተባለ ግን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ለዘላለም ጠፋ ማለት ነው።

በ1986 ኸል ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሰው ልጅ መለሱት። ዝርያዎች ጽኑ ባሕርይ ከሌላቸው የሰው ዝርያም ሊኖረው አይችልም፤ ሰዎች ሁሉ የሚጋሩት፣ ከሰውም በስተቀር ማንም የሌለው ባሕርይ ቢገኝ እንኳ ለጊዜው የሆነ አጋጣሚ እንጂ ሰው የመሆን ቅድመ ሁኔታ አይሆንም። ቋንቋ መናገር ለሰው መለያ ነው ሲባል መናገር ሳይችሉ የተወለዱ ሰዎች አሉ፤ በማሰብ ችሎታ ቢተረጎምም ችግሩ ያው ነው። ኸል ከዚህ የሚደርሱበት ድምዳሜ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የሰብአዊ መብት መሠረት የሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ተፈጥሮ ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ በጎ ቢመስልም፣ ከተለመደው የወጣውን ሰው ጉድለት እንዳለበት አድርጎ ለመቁጠር በር ይከፍታል፤ ሰዎች መብት እንዲኖራቸው አንድ ዓይነት መሆን ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም አላስረዳም ይላሉ። ኸል ለተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያላቸው መሆኑን ሳይደብቁ የኖሩ ሰው ስለነበሩ፣ ሰውን በተፈጥሯዊና ከተፈጥሮ ውጪ በሆነ መፈረጅ በኑሮ ላይ ምን እንደሚያስከትል ከመጽሐፍ ብቻ የተማሩት ነገር አልነበረም።

በእነዚሁ ዓመታት የሠሩት ሌላው ሥራ ተፈጥሯዊ ምርጫ የሚሠራው በምን ላይ ነው የሚለውን ክርክር የሚመለከት ነው። ሪቻርድ ዳውኪንስ በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ ጂኖች ራሳቸውን የሚቀዱ ነገሮች፣ ሰውነት ደግሞ የሚጓዙበት ማመላለሻ ነው ብለው ነበር። ኸል ማመላለሻ የሚለው አገላለጽ ሰውነትን ከሚገባው በላይ ተገዢ ያደርገዋል ብለው ስላመኑ፣ በ1980 ሁለት የተለያዩ ሚናዎችን ለዩ፤ አንደኛው ሬፕሊኬተር ያሉት፣ ይዘቱን ሳያዛባ ቀድቶ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስተላልፈው ነው፤ ሁለተኛው ኢንተራክተር ያሉት፣ ከአካባቢው ጋር እንደ አንድ ሙሉ ነገር ተገናኝቶ በመቋቋሙ ወይም ባለመቋቋሙ የቅጂውን ዕድል የሚወስነው ነው። ምርጫ የሚባለው ሂደት የሁለቱ ጥምር ውጤት ስለሆነ፣ የሚመረጠው ጂን ነው ወይስ እንስሳው በሚል ይከራከሩ የነበሩት ወገኖች ብዙውን ጊዜ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይናገሩ ነበር ማለት ነው።

ኸል ታላቅ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1988 ሲሆን፣ ሳይንስን ራሱን እንደ ዝግመተ ለውጥ ሂደት የሚያጠና ነው። መነሻው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በምደባ ሊቃውንት መካከል የተካሄደው ብርቱ ክርክር ነበር። ኧርንስት ማየርና ጆርጅ ጌይሎርድ ሲምፕሰን የሚመሩት ነባሩ ወገን ምደባ የትውልድ ሐረግንም፣ ዝርያዎች ከተለያዩ በኋላ ምን ያህል እንደተራራቁም አንድ ላይ መመዘን አለበት ይል ነበር። ሮበርት ሶካልና ፒተር ስኒዝ በ1963 መጽሐፍ ያወጡለት ሁለተኛው ወገን ትውልድን ትቶ ብዙ ባሕርያትን በቁጥር ለክቶ በኮምፒዩተር አጠቃላይ ተመሳሳይነትን ማስላት ፈለገ። ጀርመናዊው ቪሊ ሄኒግ የመሠረቱት ሦስተኛው ወገን ደግሞ ከትውልድ ሐረግ ቅርንጫፍ በስተቀር ምንም አይቆጠር አለ። የአዞ ጉዳይ ልዩነቱን ያሳያል፤ አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ የቀረበ ዘመድ ስለሆነ፣ በሄኒግ መንገድ ወፎችን ሳይጨምሩ አዞንና እንሽላሊትን ብቻ በአንድ መደብ ማስቀመጥ አይቻልም። ክርክሩ በጽሑፍ ብቻ አልተወሰነም፤ ጉባኤዎች በኃይለ ቃል ይታወኩ፣ ወገኖች ለመጽሔትና ለማኅበር አመራር ይሻሙ ነበር። ኸል በዚህ መካከል ለዓመታት ተቀምጠው ሊቃውንቱን ጠየቁ፣ ስብሰባዎቻቸውን ተከታተሉ፣ ለሊቃውንቱ መጽሔት የቀረቡ ጽሑፎችንና የገምጋሚዎችን አስተያየት ሳይቀር እንዲያነቡ ተፈቀደላቸው።

ያዩት ነገር ስለ ሳይንስ የሚነገሩትን ሁለቱንም የተለመዱ ታሪኮች የሚያፈርስ ነበር። አንደኛው ታሪክ ሳይንስ የሚሳካው ሳይንቲስቶች ለእውነት ብቻ የቆሙ፣ ከግል ጥቅምና ከወገንተኝነት የነጹ ስለሆኑ ነው ይላል፤ ኸል ግን ያገኟቸው ሰዎች ቅናትም፣ ምኞትም፣ ቂምም ያላቸው ነበሩ። ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ እንዲህ ከሆነ ሳይንስ የሥልጣን ሽኩቻ እንጂ ሌላ አይደለም ይላል፤ ይህንንም አልተቀበሉትም። የእሳቸው መልስ ሥርዓቱ የግል ፍላጎትን ከጋራ ጥቅም ጋር እንዲገጥም አድርጎ የተቀናበረ ነው የሚል ሲሆን፣ ቅንብሩንም በሦስት ነገሮች ያስረዱታል፤ የማወቅ ጉጉት፣ ዕውቅናና ፍተሻ ናቸው። ሳይንቲስት ከሁሉ በላይ የሚመኘው ሌሎች ሥራውን ተጠቅመው ስሙን እንዲጠቅሱለት ነው። ይህን ለማግኘት ግኝቱን መደበቅ አይችልም፤ ማሳተም አለበት። በሌሎች ሥራ ላይ ሲመሠረት ደግሞ ሁሉንም እንደገና ለመፈተሽ ጊዜም አቅምም ስለሌለው ያምናቸዋል፤ የእነሱ ሥራ ስሕተት ከሆነ የእሱም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ትክክለኛ ሥራ ማቅረብና የሌላውን መፈተሽ የእያንዳንዱ የግል ጥቅም ይሆናል፤ ወዳጅ ቡድን ሐሳቡን ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ያጠራዋል፣ ባላንጣ ደግሞ ወዳጅ ያላየውን ጉድለት ይፈልጋል።

ከዚህ ትንታኔ ተነሥተው ኸል አንድ ግራ የሚያጋባ የሚመስል ልማድ ያብራሩበት መንገድ በተለይ የሚደነቅ ነው። ሳይንቲስቶች የሐሰት መረጃ የፈጠረን ሰው ያለ ምሕረት ያባርራሉ፤ የሌላውን ሐሳብ ወስዶ የራሱ ያደረገን ግን ብዙ ጊዜ በዝምታ ያልፋሉ። በተራ የሥነ ምግባር ሚዛን ስርቆት ከውሸት አያንስም። ይሁንና ስርቆቱ የሚጎዳው የተሰረቀውን ሰው ብቻ ነው፣ ሐሳቡ ትክክል እስከሆነ ድረስ የተጠቀመበት ሁሉ አይጎዳም፤ የሐሰት መረጃ ግን በላዩ የገነባውን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ቅጣቱ ከጉዳቱ ስፋት ጋር የሚሄደው ለዚህ ነው።

በዚሁ ጥናት ሐሳቦችም እንደ ዝርያዎች የትውልድ ሐረግ ሆነው ቀረቡ። ዳርዊናዊነት የተወሰኑ ትምህርቶች ድምር ቢሆን ኖሮ፣ የዳርዊን ዋና ተሟጋች የነበረው ቶማስ ሃክስሊ ራሱ ዳርዊናዊ ባልተባለ ነበር፤ ለውጥ ሁልጊዜ በዝግታ ነው የሚለውን ስላልተቀበለና በተፈጥሯዊ ምርጫም ላይ ጥርጣሬ ስለነበረው። በአንጻሩ ሴንት ጆርጅ ማይቫርት ዝግመተ ለውጥን ተቀብሎ ሳለ ከዳርዊናውያን ወገን ወጣ። ኸል እንደሚሉት ሰውን ዳርዊናዊ ያደረገው የሐሳብ መመሳሰል ሳይሆን በዚያ ቡድን የትብብርና የውርስ ሰንሰለት ውስጥ መገኘቱ ነው። ከሁለት ተባባሪዎች ጋር በ1978 ያወጡት ሌላ ጥናትም የዳርዊንን ዘመን ይመለከታል። ፊዚሲስቱ ማክስ ፕላንክ አዲስ ሐሳብ የሚያሸንፈው ተቃዋሚዎቹን በማሳመን ሳይሆን እነሱ አርጅተው ሲያልፉ ነው የሚል እምነት ነበራቸው፤ ኸልና ባልደረቦቻቸው በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩ የብሪታንያ ሳይንቲስቶችን ዕድሜ መዝግበው ሲያመዛዝኑ፣ ዝግመተ ለውጥን በመቀበልና ባለመቀበል ከታየው ልዩነት ዕድሜ ሊያብራራ የቻለው ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ሰው ሲደጋግመው የኖረን አባባል ወደ መዛግብት ወስዶ መመዘን የኸል ዓይነተኛ የአሠራር ስልት ነው።

ኸል የአሜሪካን የሳይንስ ፍልስፍና ማኅበርና በኋላ የተቋቋመውን የሥነ ሕይወት ታሪክ፣ ፍልስፍናና ማኅበራዊ ጥናት ዓለም አቀፍ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ ይህ ሁለተኛው ማኅበር በስማቸው ሽልማት ሰይሟል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤትም የሳይንስ ጥናት መጻሕፍትን ተከታታይ በአርታኢነት ስለመሩ፣ የብዙ ደራስያን ሥራ በእሳቸው እጅ አልፏል። ያረፉት ኦገስት 11 ቀን 2010 በቺካጎ ነው።

ሥራዎቻቸው ያለ ተቃውሞ አልቀሩም። ፊሊፕ ኪቸር በ1984 ዝርያን እንደ ስብስብ ቆጥሮ ያንኑ ሁሉ መናገር ይቻላል፣ ደግሞም ሥነ ሕይወት አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ የዝርያ ጽንሰ ሐሳቦች ያስፈልጉታል ሲሉ ተከራከሩ፤ ከኸል ጋር መጻሕፍት ያዘጋጁት ማይክል ሩስም ስለ ዝርያ የነበራቸው አቋም ከወዳጃቸው የተለየ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዋ ሜሪ ዊንሰር ደግሞ ከዳርዊን በፊት የነበሩት የምደባ ሊቃውንት በተግባር ሲሠሩ በጽኑ ባሕርይ ፍቺ አልተመሩም፣ የሁለት ሺህ ዓመቱ መቆም የሚባለው ታሪክም በ20ኛው መቶ ዘመን የተቀናበረ ነው ብለው በማስረጃ ጻፉ። ይህ ትችት የ1965ቱን ጽሑፍ ታሪካዊ ክፍል በእርግጥ ያዳክመዋል፤ ጽኑ ባሕርይ ለሕያዋን አይሠራም የሚለውን ፍልስፍናዊ ክፍል ግን አይነካውም፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና የመጣው ከረቂቅ ሕዋሳት ነው። ባክቴሪያዎች ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ ሳይሆን ከማይዛመዷቸው ባክቴሪያዎችም ጂኖችን ይቀባበላሉ፤ መድኃኒትን የመቋቋም ችሎታ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚዛመተውም በከፊል በዚህ መንገድ ነው። አንዱ የትውልድ ሐረግ ከሌላው ጋር እንዲህ ከተጠላለፈ፣ መነሻና መድረሻው የታወቀ አንድ ግለ ህላዌ የቱ ጋ እንደሚገኝ መናገር ያስቸግራል። አንዳንዶች የባክቴሪያ ዝርያ የሚባል ነገር የለም ይላሉ፤ ሌሎች የጂን ቅብብሉ እያለም ዋናው የመከፋፈል ሐረግ ሊታወቅ ይችላል ብለው ይከላከላሉ፤ ሌሎችም ለትልልቆቹ እንስሳትና ለባክቴሪያ የተለያየ የዝርያ ጽንሰ ሐሳብ ይበጃል ባዮች ናቸው። ክርክሩ ዛሬ የሚካሄደው በሥነ ሕይወት ሊቃውንትና በፈላስፎች መካከል በጋራ፣ በተመሳሳይ መጽሔቶች ላይ ነው።